በኮኖች መካከል አንድ ደቂቃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ የወረደ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደፋር መሆን ቀላል ነው። እግርን መጫን ብቻ ነው። ያቺው መኪና በድንገት መታጠፍ ወይም በድንገት መቆም ሲኖርባት ግን ሹፌሩ ምን ያህል እንደሚያውቃት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ይህ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ የሀገራችን የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነው። በስፖኪዮ ከኋላዬ መብራት እያበሩ የሚከንፉ ወጣቶችን ባየሁ ቁጥር የምመኘው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚወጣበት፣ አጥር ያለው፣ እግረኛ የማይሻገርበት አንድ ሰፊ ግቢ ቢገኝ እላለሁ።

አውቶክሮስ የሚባለው ስፖርት ይህን ምኞት ይመልሳል። በአስፋልት ወይም በኮንክሪት በተነጠፈ ባዶ ግቢ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ይደረደሩና መንገድ ይሠራሉ። መኪኖቹ በአንድ ላይ አይለቀቁም፤ እያንዳንዷ ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ትጨርሳለች። ተፎካካሪው ሰዓት ነው። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያ ቢያልፍም በጥቂቱ ነው። መኪናዋ ከሁለተኛ ማርሽ የምታልፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። አንድ ሰው በቀን ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ይነዳል፤ ከዙሮቹ ሁሉ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል። በአሜሪካ ደንብ በእያንዳንዱ በተገጨ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመራል፤ በሁለት ኮኖች መካከል ያለን አንድ በር ከሳቱ ዙሩ በሙሉ አይቆጠርም። አንድ ሰው 45 ሰከንድ ፈጅቶ ሦስት ኮን ቢጥል 51 ተብሎ ይመዘገባል። ረጋ ብሎ በ50 ሰከንድ የጨረሰው ይበልጠዋል ማለት ነው።

ስሙ ሊያደናግር ስለሚችል እዚህ ላይ ላብራራ። በኬንያና በአውሮፓ «አውቶክሮስ» ሲባል አፈር ላይ የሚደረግ ሌላ ዓይነት ውድድር ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያ የራሷ ብሔራዊ የአውቶክሮስ ሻምፒዮና አላት፣ ብዙ የራሊ ሹፌሮችም ከዚያ ነው የሚነሱት። እኔ የምጽፍበት የአስፋልቱን ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ይህን «አውቶ ስላሎም» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በፈረንሳይ በተካሄደው የሞተር ስፖርት ጨዋታዎች ላይም ሀገራት አንድ ወንድና አንዲት ሴት እያጣመሩ ተወዳድረውበታል። ጥንዱን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ስፖርት የክንድ ጉልበት ምንም አይፈይድም፣ እህቶቻችንም ከመጀመሪያው ቀን እኩል የሚቆሙበት ነው። በእኛ ሀገር የመኪና ውድድር ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚላቸው አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ነው፤ አቧራው፣ የገመዱ ዳር ሕዝብ፣ የድሮዎቹ ቮልሶች። የጃን ሜዳው አፈር ነው፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው።

ቦታው ምን መምሰል አለበት? ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ቅርንጫፍ ለዓመታት ውድድሩን ያካሄደው በሜሪላንድ ላንዶቨር በሚገኘው የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ጨዋታ በሌለበት ቀን የቆመ ሰፊ አስፋልት፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለውድድር ተብሎ የተሠራ የሚሊዮኖች ሜዳ አያስፈልግም።

እንግዲህ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚህ ዓይን እንየው። ፓርኩን የማነሳው ለምሳሌ ነው፤ ሞጆ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ያለ አንባቢ በራሱ ከተማ ያለውን ተመሳሳይ ግቢ ያስብ። ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የሚመረትበት እንዲህ ያለ ግቢ በሥራ ቀን የሠራተኛ ሰርቪስና ኮንቴነር የጫነ ተሳቢ አይጠፋበትም። ሥራ በሚቆምበት እሑድ ግን አጥር፣ የበር ጥበቃና ጥሩ ወለል አንድ ላይ ይዞ ይቀመጣል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቦታ ብዙ ጊዜ አይገኙም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደዚህ ዓይነት ግቢ የገባ ወጣት መጀመሪያ የሚማርከው በሼዶቹ መካከል የሚያልፈው የውስጥ መንገድ ነው። እሱን ይተውት። ግራና ቀኙ የድንጋይ ጠርዝ፣ የመብራት ምሰሶና የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። በአሜሪካ ደንብ ከማንኛውም ጠንካራ ነገር፣ ምሰሶም ሆነ ግድግዳ፣ መንገዱ ቢያንስ 7 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለበት። የዚህ ስፖርት ደህንነት የቆመው መኪና ብትስት የምትገጨው ፕላስቲክ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው መኪና ማቆሚያው ወይም ዕቃ የሚጫንበት ገላጣው ወለል ነው።

ፈቃድ ከሁሉ በፊት ይመጣል። ጓደኛ ጠርቶ፣ ጥበቃውን አግባብቶ መግባት አውቶክሮስ አይደለም፤ አደጋ ቢደርስ ማንም የማይጠየቅበት ጨዋታ ነው። ከግቢው ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለከተማው ፖሊስ ማሳወቅ፣ ከነባለሙያው የቆመ አምቡላንስ፣ ቢያንስ በየማዕዘኑ የእሳት ማጥፊያ፤ አዘጋጁ እነዚህን ማሟላቱን ይጠይቁ። እንደ ተወዳዳሪ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። የራስዎን የመድን ውልም ያንብቡ። ሦስተኛ ወገን የግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ዋስትና የገቡበት ውል እንኳ ውድድር ላይ የደረሰን ጉዳት አልከፍልም የሚል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

አሁን ወደ መኪናዋ። ምን ዓይነት መኪና ይሻላል ብለው ከሆነ፣ ያለችዎት ትበቃለች። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር፣ እርጅና የተጫናት ዲኤክስ ኮሮላ፣ ሁሉም ይሆናል። እንዲያውም ጀማሪ ሆነው ትንሽ ጉልበት ያላት መኪና ቢይዙ ይማሩባታል፤ ስሕተትዎን በፈረስ ጉልበት አትሸፍንልዎትም። የማይሆኑት ቁመተ ረጃጅሞቹ ናቸው። ሚኒባስ፣ ፒክአፕ፣ ከፍ ያለ ላንድ ክሩዘር በድንገተኛ መታጠፍ የመገልበጥ ዝንባሌ አላቸው፤ አዘጋጁ ሊመልሳቸው ይገባል።

ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ጋራዥ ይግቡ። የጋራዥ አማርኛችን ከጣሊያን የወረሰው ብዙ ነው፤ እሱኑ ይዘን እንሂድ። መካኒኩን የፊት እግሩን ያስፈትሹ፤ ቴስቲኒ የተላላ ወይም ኩሽኔታ የሚያጉረመርም ከሆነ ሳይቀየር አይሂዱ። በቀጥታ መንገድ ላይ ድምፅ ብቻ የሆነው ነገር በሹል መታጠፊያ ላይ የጎማ መውጣት ሊሆን ይችላል። የፍሬን ሸራውን ውፍረት ይዩ። ፍሬኑን ሲረግጡ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እየሰመጠ ከሄደ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ ካላስታወሱ ይቀየር፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ከዚያም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ለሌላውም አደጋ ነው፤ ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር የሚታጠፈው እርስዎ ባፈሰሱት ላይ ነው። ባትሪው በእጅ ሲነቀነቅ መወዝወዝ የለበትም። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው ይመለስ። የቸርኪው ብሎኖች በዚያው ቀን ጠዋት አንድ በአንድ ይጥበቁ። ይህ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ጉዞዎም ያስፈልጋል፤ ለብዙ ሰው የአውቶክሮስ የመጀመሪያ ጥቅም መኪናውን በአግባቡ ያስፈተሸበት ቀን መሆኑ ነው።

ጎማው ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኝዎት እሱ ብቻ ነውና። አራቱ ጎማዎች መሬቱን የሚነኩበት ቦታ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ ቢያክል ነው። ጎሚስታው ጋ የሚሞሉት አየር ይህን መዳፍ ይለውጠዋል። አየር ሲያንስ በመታጠፊያ ላይ የጎማው ትከሻ ይተኛና በጎኑ ይሄዳል። ስለዚህ ጀማሪዎች መኪናው በር ላይ ከተጻፈው መጠን ጥቂት ከፍ አድርገው ይጀምራሉ፤ በተለይ የፊቱን፣ ሦስት ወይም አራት ፒኤስአይ ያህል። ከዚያ በጣም ርካሽ የሆነች ብልሃት አለች። በነጭ ጠመኔ ከጎማው ጥርስ ጀምረው ወደ ጎኑ የሚወርድ መስመር በሦስት ቦታ ያስምሩ። ዙርዎን ነድተው ሲመለሱ ጠመኔው እስከ የት እንደተፋቀ ይዩ። ጥርሱ አልቆ ትከሻው ላይ ካቆመ ልክ ነው። ወደ ጎኑ ወርዶ ጽሑፉን ከነካ አየር ይጨምሩ። ትከሻው ጋ እንኳ ካልደረሰ ይቀንሱ።

የስምጥ ሸለቆው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ የሞሉትን ጎማ አዳማ ላይ ቢለኩት ቁጥሩ ይለያል። ወደ 700 ሜትር ገደማ ሲወርዱ የውጩ አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነብባል። በሌላ በኩል ሙቀቱና የመንገዱ ጉዞ ያን አንድ ፒኤስአይ ይመልሰዋል፣ ይበልጠዋልም። ስለዚህ ቤት የለኩትን ይርሱትና እዚያው ይለኩ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም ይድገሙ። ሞተሩም ይለወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቀጭን አየር ላይ ይደክማል፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ አምስተኛውን፣ አዳማ ላይ ስድስተኛውን ያህል ያጣል። ከአዲስ አበባ የወረደ ሹፌር መኪናዬ ዛሬ ነቃ አለች ካለ አልተሳሳተም።

የአዳማን ነፋስም አይርሱት። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚያ የተተከሉት ነፋሱ የታመነ ስለሆነ ነው። ቀላል ኮን በዚያ ነፋስ አይቆምም፤ ከሥሩ ከበድ ያለ ጎማ ያለው ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ኮን ሥር ዙሪያውን በጠመኔ አራት ማዕዘን ይሰመራል። ይህ መስመር ሁለት ሥራ አለው፦ ኮኑ ሲወድቅ ቦታው አይጠፋም፣ ተነካ አልተነካም የሚለውን ክርክርም ይፈታል። ኮኑ ተወዝውዞ አሁንም መስመሩን ከነካ ቅጣት የለም፤ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ወይም ከወደቀ ይቆጠራል። ነፋሱ የሚያመጣው ሌላው ነገር ደቃቅ አሸዋ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ የተዘራ ቀጭን አሸዋ ከጎማ ሥር እንደ ባቄላ ይንከባለላል። የውድድሩ ቀን የመጀመሪያ ሥራ መጥረጊያ ይዞ ግቢውን መጥረግ ነው፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም መታጠፊያዎቹን መልሶ መጥረግ።

በቀኑ ማለዳ ወደ ግቢው ሲደርሱ መኪናዋን ባዶ ያድርጓት። ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ የመፍቻ ሳጥን፣ የልጆች ወንበር፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይውረድ። የመሪው ሥር ምንጣፍ ይውጣ። ከሁሉ አደገኛው የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ በመታጠፊያ ተንከባልሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ከገባ ፍሬን የለዎትም። በመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለውን መቁጠሪያ ወይም ሽቶ አውርደው ኪስዎ ያስቀምጡት። ለራስዎ ሽፍን ጫማ፣ ሶሉ ቀጭን ቢሆን ይመረጣል፤ ሰንደል ጫማ ከፔዳል ላይ ይንሸራተታል። ሄልሜት ግዴታ ነው። ለጀማሪ የጥራት ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ሄልሜት በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ ከአደጋ የተረፈ፣ የተሰነጠቀ ግን አይሆንም። ኮፍያ፣ ብዙ ውሃና ምሳ ይያዙ። ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፉት ፀሐይ ላይ ቆመው ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ነገር አለ። ስድስት ዙር ቢነዱ በአጠቃላይ መሪ ላይ የሚቆዩት ስድስት ደቂቃ ነው። የቀረው ሰዓት ሥራ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ሲነዳ ግማሹ ሜዳው ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ቁጥሩን ያስመዘግባል፣ አደጋ ካየ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል። ቀይ ባንዲራ ካዩ ወዲያው ይቆማሉ፤ ዙሩ ይደገምልዎታል። ሜዳ ላይ ሲቆሙ ጀርባዎን ለሚመጣ መኪና አይስጡ፣ ስልክዎንም ኪስዎ ያስቀምጡ። ተመልካች ከመንገዱ ዳር ቢያንስ ከ20 ሜትር በላይ ይራቅ፤ በመታጠፊያ ውጭኛው ወገን ደግሞ ከዚያም ይራቅ። እኛ ሀገር ሕዝብ ለማየት ሲጠጋ መመለስ ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው አጥርና ገመድ ከኮኑ በፊት መዘጋጀት ያለባቸው።

ከመንዳትዎ በፊት መንገዱን በእግርዎ ይሄዱታል። ለጀማሪ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። ከላይ ሲያዩት የኮን ጫካ ነው፤ የትኛው በር፣ የትኛው ጠቋሚ እንደሆነ አይለይም። የቆሙት ሁለት ኮኖች በር ናቸው፤ አጠገባቸው የተጋደመው ኮን ጫፉ ወዴት እንደሚሄዱ ይጠቁማል። መጀመሪያ ከሰው ጋር እየተጫወቱ ሳይሆን ብቻዎን ይሂዱ። በሁለተኛው ጊዜ በየመታጠፊያው ቁጢጥ ብለው ይመልከቱ፤ መሪ ላይ ሲቀመጡ ዓይንዎ የሚሆነው በዚያ ቁመት ነው፣ ቆመው ያዩት መንገድ ቁጭ ሲሉ ይጠፋል። በሦስተኛው ጊዜ ድምፅዎን አውጥተው ይናገሩት፦ «እዚህ ፍሬን፣ ወደ ግራ፣ ዓይኔ ወደዚያ በር»። ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ዓይንዎን ጨፍነው ከመነሻው እስከ መጨረሻው መሄድ መቻልዎን ይፈትኑ። መሀሉ ላይ ከጠፋብዎት ተመልሰው ይሂዱ። አላፊ አግዳሚ ያያል ብለው አይፈሩ፤ የተካኑት ሹፌሮች አራትና አምስት ጊዜ ሲዞሩ ያያሉ።

ወንበሩን ከሁልጊዜው ቀረብ ያድርጉ። ጀርባዎ ሙሉ በሙሉ ተደግፎ እጅዎን ሲዘረጉ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። እጆችዎ ሰዓት ዘጠኝና ሦስት በሚሆንበት ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ቀበቶዎን ያጥብቁ፣ መስኮቱን ይዝጉ። አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነች ኤል ወይም 2 ላይ ያድርጓት፤ ዲ ላይ ከተዉዋት በመታጠፊያው መሀል ማርሽ ትቀይርብዎታለች። ማንዋል ከሆነች በአንደኛ ተነስተው ሁለተኛ ያስገቡና እዚያው ይቆዩ።

የመጀመሪያው ዙር ለሰዓት አይደለም። መንገዱን ሳይስቱ፣ ኮን ሳይገጩ ጨርሰው መውጣት ብቻ ነው ግቡ። አብሮዎት የሚቀመጥ ልምድ ያለው ሰው ካለ ይለምኑት፤ በመንዳት ባህላችን ውስጥ ሰው መለመን የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ ወያላም ሹፌሩን ይመራል።

ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ስለ ጎማ ጉልበት ማሰብ ይጀምራሉ። የጎማው ጉልበት አንድ እንጀራ ነው ይበሉ። ለፍሬን የቆረሱት ከመሪው ይጎድላል፣ ለመሪው የቆረሱት ከነዳጁ። መታጠፊያ መሀል ሆኖ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ያልነበረ እንጀራ ለማካፈል ይሞክራል። ስለዚህ ፍሬን ቀጥ ብለው ሳሉ ይያዛል፣ ከዚያ ይለቀቅና ይታጠፋል፣ መሪው ሲመለስ ደግሞ ነዳጅ ይሰጣል። ፍጥነትዎን ምን ያህል መቀነስ እንዳለብዎት የሚነግርዎት ቁጥር ይኸውልዎት፦ በደረቅ ጥሩ አስፋልት ላይ 10 ሜትር ሬዲየስ ያላት መታጠፊያ የምትፈቅድልዎት ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሬዲየሱ እጥፍ ሆኖ 20 ሜትር ቢሆን እንኳ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ 45 ነው። ከዚያ በላይ ከሄዱ የፊት ጎማ የምትነዳ መኪና አፍንጫዋ እምቢ ትላለች፤ መሪውን ያዞራሉ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የሁሉም ሰው ደመ ነፍስ የበለጠ ማዞር ነው። የሚረዳው ግን ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውንም ትንሽ መለስ ማድረግ ነው፤ ጎማው እንደገና መሬቱን ሲይዝ ይሰማዎታል።

በቀጥታ መስመር የተተከሉ ኮኖችን ግራና ቀኝ እየሸሹ ማለፍ፣ ስላሎም የሚባለው፣ የጀማሪ ፈተና ነው። ኮኑ ጋ ሲደርሱ ከታጠፉ ዘግይተዋል። መሪው መዞር የሚጀምረው ኮኑ ገና ከፊትዎ ሳለ ነው፤ ወደ ጎንዎ ሲደርስ መኪናዋ ወደሚቀጥለው ማየት ጀምራ መሆን አለባት። በመጀመሪያው ኮን የዘገየ በሁለተኛው ይበልጥ፣ በሦስተኛው ደግሞ እጅግ ይዘገያል፤ አምስተኛው ይወድቃል። መፍትሔው ሲገቡ ቀዝቀዝ ማለት ነው። ዓይንዎ ደግሞ ከሚቀርበው ኮን ላይ ይነሳ። መኪና ዓይን ወዳለበት ትሄዳለች፤ ኮኑን ካዩ ኮኑን ይገጫሉ፣ በሩን ካዩ በበሩ ይገባሉ።

አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው እየበዛ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተሰማ ወዲህ የጎዳናው መልክ ተለውጧል። ኤሌክትሪኳ ገና ሲረግጧት ሙሉ ጉልበቷን ትሰጣለች፣ ከፍታም አያደክማትም። ባትሪዋ ከወለሉ ሥር ስለሆነ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ነገር ግን ከባድ ናት፤ ከባድ መኪና ዘግይታ ትቆማለች፣ ጎማም ቶሎ ታግላለች። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሷ የምትይዘውን ፍሬን መጠን በደንብ ይለማመዱት፤ ሳያስቡት መታጠፊያ መሀል እንዳትይዝብዎት። ውድድሩ ራሱ ብዙ ቻርጅ አይበላም፤ የሚበላው መልሶ ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ ነው፣ እሱን አስልተው ይምጡ።

ሰዓትዎ ሲነገርዎት ከሌላው ጋር አያወዳድሩት። ልምድ ያለው ሰው በዚያችው ቪትዝ አሥር ሰከንድ ቢበልጥዎት የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው ዙርዎ ጋር ያወዳድሩ፤ የጀማሪ ሰዓት በአንድ ቀን ውስጥ በብዙ ሰከንድ ይወርዳል። እየባሰ ከመጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መቸኮል ነው፤ ፍሬን እየዘገየ፣ መታጠፊያው እየሰፋ መጥቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ዙር አውቀው ቀስ ብለው ይንዱ። ብዙ ጊዜ በጣም ጥሩው ሰዓት ያኔ ይወጣል።

ማምሻውን ኮኖቹ ይሰበሰባሉ፣ ግቢው እንደነበረ ይጠረጋል፤ ሰኞ ጠዋት ለሥራ የሚገባው ሰው ምንም ሳይበላሽ ሊያገኘው ይገባል። ስኮርት ጎማውንና ክሪኩን መልሰው ይጫኑ። የቸርኪውን ብሎኖች እንደገና ይንኩ፣ ጎማዎቹ ሲቀዘቅዙ አየሩን በር ላይ ወደተጻፈው መጠን ይመልሱ። ከዚያ ወደ ፈጣን መንገዱ ይግቡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በግቢው አስፋልት ላይ ለመቆም 18 ሜትር ያህል እንደፈጀች ዛሬ በገዛ እግርዎ አይተዋል። በ120 ያቺው መኪና፣ ያው ጎማ፣ ያው ፍሬን 70 ሜትር ያልፋል፤ ያም ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን እስኪያነሳ የሄደችው ሳይቆጠር ነው። ከፊትዎ ካለችው መኪና ጋር ያለውን ርቀት በዚያ ልክ ያድርጉት።